ድስት ያልተጣደበት ምድጃ

ባለቤቴ ካረፈ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። እጄ ለመጻፍ ዝግተኛ ሆኗል፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከሞላሁ ብዙ ነው። ስለ እሱ ለመጻፍ ስቀመጥ ቀድሞ የሚመጣልኝ ፊቱ አይደለም፤ ጀርባው ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ካቻቪቴውን በጥርሱ ይዞ፣ ምድጃውን ሲወለውል።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ነው። ያኔም እዚሁ ክፍል ውስጥ ነበርን። በግቢው ስድስት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ቧንቧው መሃል ላይ ነው፤ የእኛ ክፍል ከውጭው በር ሁለተኛዋ ናት። ከሀገር የወጣነው ወንድሙ ከሥራ ቦታው ተወስዶ በቀረበት ዓመት ነው። ቀጥሎ ማን እንደሚወሰድ ስላወቅን በሞያሌ በኩል ወጣን። ናዝሬት ላይ ያሠራነው ቤት ጣሪያው አልቆ ነበር፤ ኩሽናው ግን ገና አልተለሰነም። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና ከልስኑ በፊት መስመሩን ዘርግቷል። ከኩሽናው ግድግዳ ላይ፣ በወገቤ ልክ፣ ጫፋቸው በናስትሮ የተጠቀለለ ሁለት ወፍራም ሽቦዎች ብቅ ብለው ነበር። እዚህ ጋ የአንቺ ምድጃ ይመጣል ብሎኝ ነበር። ሽቦዎቹን እንዲሁ ትተናቸው መጣን።

ናይሮቢ በገባን በሦስተኛው ዓመት ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ካለ የዕቃ መጋዘን ሥራ አገኘ። በጉዞ ላይ የተጎዳ ዕቃ ለሠራተኞቹ በርካሽ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ወረደ። ውስጡ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነጭ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር፤ ከላይ ሁለት ጥቁር የብረት ክቦች፣ ከታች ትንሽ ፎርኖ። ግራ ጎኑ ላይ ጡጫ የሚያህል ስርጉድ ነበረው፤ ሌላ እንከን አልነበረውም።

ያን ጊዜ የማበስለው በላምባ ምድጃ ነበር። ክሩ ሲያጥር ይጨሳል፤ ሲጨስ ዓይኔ ያለቅሳል፤ ደረቴም ይታፈናል። የሠራሁት ወጥ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ላምባ ላምባ ይላል። ካርቶኑ ሲከፈት ምን እንደመጣ ባየሁ ጊዜ የላምባውን ምድጃ አንስቼ ወደ ውጭ ላወጣው ተነሣሁ።

«ተይው፣ አታውጪው» አለኝ። «ይሄ የሀገር ቤት ነው።»

ይህን ነገር በዚያን ጊዜ ናይሮቢ ያልኖረ ሰው ላይገባው ይችላል። እኛ ሁለት ዓይነት ዕቃ ነበረን፤ የዚህና የሀገር ቤት። የዚህ ጆሯቸው የተሰበረ ስኒዎች፣ የተለያየ መልክ ያላቸው ሳህኖች፣ ከሄደ ሰው የተወረሰ ፍራሽ ነው። የሀገር ቤት ደግሞ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። ከላስቲኩ ያልወጣ አንሶላ፣ ማንም ያልጠጣባቸው ስድስት ብርጭቆዎች፣ ሽታው እንዳይጠፋ በፌስታል የታሰረ ሳሙና። እንግዳ ሲመጣም አይወጡም። እኛ ራሳችን ለጊዜው ነበርንና በለጊዜው ዕቃ እንበላለን፤ ደኅናው ዕቃ ደኅናውን ቀን ይጠብቃል። እኔም የራሴ አንሶላ ነበረኝ፤ ስለዚህ ልከራከረው አልቻልኩም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ድስቴን እዚያ ምድጃ ላይ መጣድ።

ምድጃው በካርቶኑ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም የጠረጴዛ ልብስ አለበስኩት። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ባለቤቴ ልብሱን ያነሣና ሥራውን ይጀምራል። መጀመሪያ ማዞሪያዎቹን ነቅሎ በሳህን ላይ በተራ ያስቀምጣቸዋል። ነጩን አካል ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ተነክሮ እስኪደርቅ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ውሃ በማዞሪያዎቹ ቀዳዳ ከገባ ችግር ነው ይል ነበር። ቢጫ የሚመስል ነገር ካየ አቼቶ ጠብ አድርጎ ያሻል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ አጠገቡ እንዲደርስ አይፈቅድም፤ ሽቦ ነጩን ይጭረዋል፣ በጫረው በኩል ዝገት ይገባል። የመሰኪያውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ ይሄድበታል፤ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል ይላል። የፎርኖው በር ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋል። ፎርኖውን ከውስጥ አይነካውም፤ ምን ቆሽሾ?

በመጨረሻ ምድጃውን ይሰካዋል። ይህን ያስረዳኝ ብዙ ጊዜ ነው። የሚግለው ሽቦ ብረቱ ውስጥ በነጭ ዱቄት ተቀብሮ ይኖራል። ዱቄቱ ሳይሞቅ ከሰነበተ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ምድጃ ደግሞ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሰካ ቀን ፊውዝ ያቃጥላል፣ ራሱም ይቃጠላል። ስለዚህ በየወሩ እያንዳንዱ ክብ አሥር ደቂቃ፣ ፎርኖውም አሥር ደቂቃ ይሞቃል። ላዩ ላይ ምንም ሳይጣድ። ሲበርድ ብረቱን የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ይቀባዋል።

እነዚያን ደቂቃዎች አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናሳልፋለን። በሐምሌ፣ ናይሮቢ ሰማዩ ዝቅ ብሎ በሚሰነብትበት ብርድ፣ እጄን ወደ ብረቱ ዘርግቼ እሞቃለሁ። ባዶ ምድጃ እየጋለ፣ ምሳችን ወለሉ ላይ ላምባ እየጠጣ ይበስላል።

ከጎናችን የምትኖረው የሞያሌ ሴት ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ሙስሊም ናት፣ ምላሷ ስለት ነው። በቅዳሜው ቀን በራችን ላይ ብቅ ትልና በሽተኛው እንዴት አደረ ትለዋለች። ትኩሳቱን ለካህለት? ለእኔ ደግሞ ባልሽ ሁለተኛ ሚስት ሲያገባ እዚሁ ቤት አስቀመጣት፤ እሷን ያጥባል፣ ይቀባል፣ አንቺ ላምባ ታሸቻለሽ ትለኛለች። ባለቤቴ አይቆጣም። ሳቁን በካቻቪቴው ላይ ነክሶ ይይዘዋል።

አንድ ሐምሌ ደረቴ በሳል ተይዞ ሰነበተ። እሱ ሥራ ላይ ነበር። ላምባው ሲጨስ ጊዜ ጠላሁትና አጠፋሁት፤ የጠረጴዛውን ልብስ አነሣሁ፤ ትንሿን ድስት በወተት ሞልቼ ጣድኩ። በዚያው ሰዓት ጎረቤቴ በር አንኳኳች። እንዳታይብኝ በሩን ገርበብ አድርጌ ሳነጋግራት ኋላዬ ፉሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወተቱ ገንፍሎ ብረቱን አልፎ ነጩ ላይ ወርዷል። ቀኑን ሙሉ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ከዚያም ልብሱን እንደነበረ አለበስኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ማዞሪያውን ነቀለ፣ ጣቱን ከሥር አስገባ፣ አወጣና አሸተተ። 

«ወተቱ ለስንት ሰው ነበር?» አለኝ።

«ለአንድ።»

«ለእኔ አላስቀመጥሽም?»

ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። በክብሪት እንጨት ከብረቱ ዙሪያ የደረቀውን ወተት እየፋቀ አወጣ። ሲጨርስ ግን ሳቁ አልነበረም። ወደ እኔ ሳይዞር፣ አንዴ ከጀመርን አናቆምም አለኝ። ይሄ ላይ ማብሰል የጀመርን ቀን እዚህ ቀረን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተደብቄ አልጣድኩም። መለመኔን ግን አልተውኩም፤ በሳልኩ ቁጥር፣ ላምባው በጨሰ ቁጥር እለምነዋለሁ። እሱም ትንሽ ነው የቀረው ይለኛል።

ምድጃው በመጣ በአራተኛው ዓመት ከእህቱ ደብዳቤ ደረሰን፤ አንድ ነጋዴ በሞያሌ በኩል በእጁ ያመጣው። ቀበሌው ቤታችንን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። የገቡት ሰዎች ደኅና ሰዎች ናቸው፣ ኩሽናውንም ለስነው ኖራ ቀብተውታል ትላለች። ባለቤቴ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ አጠፈው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽቦዎቹን ለስነውባቸው ይሆን? እኔ ከየት ላውቅ?

በዚያ ወር መጨረሻ ቅዳሜ እንደተለመደው ጨርቁን ሲነክር አየሁት። ለማን ነው አሁን የምታጸዳው አልኩት። ቤቱ እንደሆነ ሄዷል።

«ቤት ይሄዳል» አለ። «አገር የት ይሄዳል?»

ያን ቀን ምድጃውን ከወትሮው የበለጠ ወለወለው።

ከዚያም ሦስት ዓመት። የራዲዮ ወሬ በመጣ ቁጥር ዘንድሮ ነው እንላለን። ደርግ ሊወድቅ ነው፣ ደርግ ሊታረቅ ነው፣ ምሕረት ሊታወጅ ነው ይባላል። የግቢው ሰው አንድ በአንድ ወደ ካናዳ፣ ወደ ስዊድን ሄደ። እኛ የስደት ማመልከቻ ቅጽ አልሞላንም፤ ባለቤቴ መሞላቱን አልወደደም። እኛ ወደ ሰሜን ነው የምንሄደው ይል ነበር፣ ወደ ናዝሬት ማለቱ ነው። ምድጃው ሰባት ዓመት ሙሉ ከመጣበት ቀን አንድ ቀን እንኳ ያረጀ አይመስልም ነበር። እኛ አረጀን።

ጉበቱን ታመመ። ሐኪሞቹ አስተኝተው መረመሩት፤ በኋላም ወደ ቤት ውሰጂው አሉኝ። ወደ ቤት ውሰጂው ማለት ምን እንደሆነ እያወቅሁ ላለማወቅ ሞከርኩ። ጨው ተከለከለ፣ ሆዱ አበጠ፣ እግሩ ከሳ። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሲደርስ ከአልጋው ሊነሣ ፈልጎ አልቻለም።

«አንቺ አድርጊው» አለኝ። «እኔ እነግርሻለሁ።»

ሰባት ዓመት ያየሁትን ሥራ እጄ እንደማያውቀው ያን ቀን ገባኝ። ማዞሪያውን ወደ ራሴ ሳብኩት፤ እምቢ አለ። እያዞርሽ አይደለም፣ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው ይለኛል ከትራሱ ላይ። ጨርቁ ብዙ ውሃ ይዟል፣ እንደገና ጭመቂው። ገመዱን በዓይንሽ አትመኚው፣ በጣትሽ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ ቁጣው ግን ያው ነው፤ ቁጣው ደስ አለኝ። ጨርሼ ሰካሁትና እንደ ልማዳችን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱ እየጋለ የዘይቱ ሽታ ወጣ።

«ድስት ጣጂበት» አለኝ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝምና ዞሬ አየሁት።

«ግሏል እኮ። ድስት ጣጂበት።»

«የሀገር ቤት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እንግዲያው ይቆይ። ትድናለህ፤ እዚያ ሄደን እንጥዳለን።»

ሰባት ዓመት ስመኘው የኖርኩትን ቃል ሰጥቶኝ አልቀበልም አልኩ። ድስት ከጣድኩ እሱ እንደማይሄድ አምኜ ፈረምኩ ማለት ነው። ብድግ ብዬ ምድጃውን አጠፋሁት። እሱ ጣሪያውን እያየ፣ «አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ሰባት ዓመት ስትለምኚኝ ኖረሽ ዛሬ እኔን ታስለምኚኛለሽ?»

ድስቱን ይዤ ወደ ቧንቧው ወጣሁ። ንጹሑን ድስት አጠብኩት፣ እንደገና አጠብኩት። ጎረቤቴ ልብስ ስታሰጣ አየችኝ። ያን ቀን አልቀለደችም፤ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ከክፍሏ አምስት ሽንኩርት አምጥታ ድስቴ ውስጥ ጣለች።

«ግቢ እህቴ» አለች። «ለባልሽ ያልሆነ ምድጃ ለማን ሊሆን ነው?»

ገባሁ። ምን ልሥራልህ ስለው ሽንኩርቱን ብቻ አቁላይ፣ ሌላው በኋላ ይመጣል አለ። ሽታው ነው የናፈቀው፤ ላምባ ያልገባበት የሽንኩርት ሽታ። ከተፍኩ፣ ጣድኩ፣ ዘይት ሳላደርግ ማማሰል ጀመርኩ። ሽንኩርቱ ሲቀላ ምድጃውን አጠፋሁና ሳህን ላመጣ ዞር አልኩ። የላምባ ልማድ ነው፤ ላምባ ሲያጠፉት ይጠፋል። ብረቱ ግን ይዞት የነበረውን እሳት አልለቀቀም። ስመለስ ሽንኩርቱ ከሥሩ ይዟል።

ባለቤቴ ሽታው ደርሶት ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰምቶ ወዲያው የሚታዘዝ ዕቃ አይደለም አለኝ። ቀድመሽ አጥፊው፣ በያዘው ሙቀት ይጨርስልሻል። ያላረረውን ከላይ ቀንሼ ምስር ጨመርኩበት። ያለ ጨው ነበር፤ ሦስት ጉርሻ በላ። አራተኛውን በእጄ ይዤ ሳለሁ፣ ቀስ ብሎ፣ «አስከሬኔን ወደ አገር ልላክ ብለሽ ሰው እንዳታስቸግሪ» አለኝ። «እዚህም አፈር ነው።»

ጉርሻውን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። አጎረስኩት።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ኖረ። የላምባው ምድጃ ወደ ውጭ ወጣ። በየቀኑ እዚያ ምድጃ ላይ አበሰልኩ፤ አንድ ማንኪያ ብቻ ቢቀምስም አበሰልኩ። አጥሚት፣ ዱባ፣ የድንች አልጫ። እሱ ከአልጋው ሆኖ አሁን አጥፊው ይለኛል፤ እኔ አጠፋለሁ፤ ድስቱም በያዘው ሙቀት ይጨርሳል። ከነዚያ ሳምንታት የሚበልጥ ጊዜ በትዳራችን አላውቅም ብል ሰው ይታዘበኛል። ግን እንደዚያ ነው። ከናዝሬት ከወጣን ጀምሮ ሁለታችን አንድ ቦታ የኖርነው ያኔ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አረፈ። ድንች ጥጄለት ነበር፤ ገና አልበሰለም።

ለአርባው ድፎ መጋገር ነበረብኝ። ዳቦ ቤት ማዘዝ ትችያለሽ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ፎርኖው ትንሽ ነውና አንድ ትልቅ ድፎ አይገባበትም፤ ስድስት ትንንሽ አደረግሁት፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ፣ በየተራ። በሦስተኛው ላይ የግቢው መብራት ድርግም አለ። ስቲማ ሄደ ብለው የግቢው ልጆች ጮኹ፤ ስቲማ የሚሉት መብራትን ነው። የሄደው የእኛው ፊውዝ ነበር። ጎረቤቴ አከራያችንን ፊውዝ እንዲቀይር ልትለምን ሄደች፤ እኔ ግማሽ የበሰለ ዳቦ ፊት ቆሜ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን እንደዚያ አላለቀስኩም። ፊውዙ ተቀየረ፣ ሌሎቹን ጨረስኳቸው። ሰዎች ከከተማው ማዶ፣ ከሳውዝ ሲ ድረስ መጡ፤ ድፎው ተባርኮ ተቆረሰ፤ ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ፎርኖውን ከፈትኩት። ውስጡ የተቃጠለ ቅጠል፣ የጠቆረ ሊጥ፣ ግድግዳው ላይ የደረቀ ዘይት። ጨርቄን ይዤ ተንበረከክሁና ምን እንደማደርግ አላውቅም። ማዞሪያውን እንዴት እንደምነቅል፣ ገመዱን እንዴት እንደምዳስስ፣ ብረቱን በምን እንደምቀባ አውቃለሁ። ባለቤቴ ያስተማረኝ ያልተሠራበትን ዕቃ መጠበቅ ነበር። የተሠራበትን እሱም አያውቀውም።

የሳሙና ውሃው ምንም አላደረገ። አቼቶውም ሽታውን ብቻ ለወጠው። የድስት ማጠቢያው ሽቦ ላይ እጄን አሳርፌ መልሼ ተውኩት። ጎረቤቴ ከአንድ ባለ ሱቅ ጠይቃ መጣች፤ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ እንደ ሊጥ ለውሰሽ ቀቢውና እስከ ነገ ተይው ብሏል አለችኝ። ቀባሁት። በማግስቱ ጠረግሁት፤ ጥቁሩ ቡናማ ሆነ። እንደገና ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን ከሥር ግራጫው ብረት መታየት ጀመረ። ከኋላ በስተቀኝ አንድ እድፍ አልለቅ ብሎ ቀረ፤ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። ይህን እድፍ ባሳየሁት፣ ምን ይሻላል ብዬ በጠየቅሁት አልኩ፤ ከትራሱ ላይ በተቆጣኝ አልኩ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፤ ሊጥ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን በጨርቅ ሸፍና ይዛለች። ፎርኖሽ እስኪደርቅ ልጠብቅ ወይስ አሁን ብጋግርበት ይሆናል አለችኝ። እድፉን ትቼ ተነሣሁና ፎርኖውን ሰካሁት።